ቁጥራችሁ የሚወጣው ከሌላ ሰው ስልክ ነው፦ የድሬዳዋ ጥያቄና መልስ

ጠጋኙ፦ ሰላም የድሬ ልጆች፣ የሐረርም። ሰሞኑን «ፌስቡክ ፎቶዬን እንዲጠቀም አልፈቅድም፣ ኮፒ አድርገህ ለጥፍ» የሚለው ጽሑፍ እንደገና እየዞረ ነው፤ ፍርሃቱም አብሮ እየዞረ ነው። ስለ ግላዊነት የሚያሳስባችሁን ዛሬ እዚህ ጠይቁ፣ የምችለውን እመልሳለሁ። ስትጠይቁ የአፑን ስም፣ ስልካችሁ አንድሮይድ ይሁን አይፎን፣ እና ያያችሁትን ነገር በትክክል ጻፉ። ስልክ ቁጥር፣ የመጣላችሁን ኮድ ወይም የመታወቂያ ፎቶ እዚህ አትለጥፉ። በውስጥም አትላኩልኝ፣ አያስፈልገኝም።

ቢኒ መጋላ፦ እሺ ያ ጽሑፍ ይሠራል ወይስ አይሠራም? እኔ ለጥፌዋለሁ።

ጠጋኙ፦ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2012ም ዞሯል፣ በ2024 ደግሞ «ጉድባይ ሜታ ኤአይ» ተብሎ ተመልሶ መጥቷል። ከኩባንያው ጋር ያለህ ውል አካውንት ስትከፍት «እስማማለሁ» ያልከው ነው፤ ፖስት ውል አይቀይርም። የሚያናድደኝ ሰው ይህንን ለጥፎ ራሱን የጠበቀ ስለሚመስለው አንድም ሴቲንግ ሳይነካ መቅረቱ ነው።

ሐናን ሳቢያን፦ ፌስቡኬን የከፈትኩት በኢሜይል ነው፣ ቁጥሬን አስገብቼ አላውቅም። ግን አንድ ዕቃ ሻጭ ጋ ደውዬ በማግስቱ «ልታውቂው ትችያለሽ» ብሎ የሰውየውን አካውንት አመጣልኝ። ወላሂ ስልኬን እያዳመጠ ነው የመሰለኝ። ሳምሰንግ ነው።

ጠጋኙ፦ አጠያየቅ ማለት ይሄ ነው። ሐናን፣ ለዚህ ማዳመጥ አያስፈልገውም። የሰውየውን ቁጥር ሴቭ አድርገሽ ይሆናል። ፌስቡክ ወይም ሜሴንጀር ኮንታክትሽን እንዲያይ ፈቅደሽ ከሆነ ቁጥሩ ከስምሽ ጋር ተያይዞ ወደ ኩባንያው ሄዷል። ሰውየው በዚያው ቁጥር አካውንት አለው። ሁለቱ ገጠሙ፣ አለቀ። በተቃራኒውም ይሠራል፦ አንቺ ሁሉንም ብትዘጊም የአንቺን ቁጥር የያዙ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና ደንበኞች ኮንታክታቸውን ከሰቀሉ ቁጥርሽ እዚያ ገብቷል።

ሰው የማያስበው ደግሞ ቁጥሩ ብቻውን አለመሄዱን ነው፤ ሴቭ ያደረጋችሁበት ስምም አብሮ ሊሄድ ይችላል። እኛ አገር ኮንታክት እንዴት እንደሚመዘገብ ታውቃላችሁ፦ «ሰላም ነርስ ድል ጮራ»፣ «ፋጡማ የአህመድ ሚስት ለገሃሬ»፣ «አከራይ አሸዋ ሜዳ»። ሙያ፣ የትዳር ሁኔታና ሰፈር በአንድ መስመር። «የማን ቁጥር ነው» የሚሉት አፖች ያደጉት በእንዲህ ዓይነት ስሞች ነው። ሰውየው ራሱ አፑን ጭኖ ባያውቅም ስሙ እዚያ ይገኛል።

የምታደርጊው ይህን ነው፤ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው።

አንደኛ፣ ፈቃዱን ከስልኩ ንጠቂው። የስልኩ ሴቲንግስ፣ አፕስ፣ ፌስቡክ፣ ፐርሚሽንስ፣ ኮንታክትስ፣ «ዶንት አላው»። ሜሴንጀር፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ ላይም ለየብቻ ድገሚው።

ሁለተኛ፣ ፌስቡክ ውስጥ ሴቲንግስ ግቢና ከላይ ባለው መፈለጊያ «አፕሎድ ኮንታክትስ» ብለሽ ጻፊ። ቦታው በየአፕዴቱ ስለሚቀያየር በመፈለጊያው መሄድ ይቀላል። አጥፊው።

ሦስተኛ፣ አሁን ብቻ ቀድሞ የተሰቀለውን ዝርዝር ደልቺ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ መስቀያውን ሳያጠፋ መጀመሪያ ዝርዝሩን ይደልታል፣ አፑ እንደገና ይሰቅለዋል፣ ከዚያ «ደልቼው ተመለሰ» ይላል።

አራተኛ፣ «ሃው ፒፕል ፋይንድ ኤንድ ኮንታክት ዩ» ውስጥ በስልክ ቁጥርና በኢሜይል ማን ይፈልግሽ የሚለውን ሁለቱንም «ኦንሊ ሚ» አድርጊ።

ይህንን ቀላል ነገር አታድርጉት። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 ከ106 አገሮች የ533 ሚሊዮን ሰዎች የፌስቡክ መረጃ ከነስልክ ቁጥራቸው ኢንተርኔት ላይ ተበትኖ ተገኘ። ፓስዎርድ ተሰብሮ አይደለም። ጓደኛ ለመፈለጊያ የተሠራውን የኮንታክት መስቀያ ተጠቅመው፣ ቁጥር በገፍ እያስገቡ ከአካውንት ጋር በማዛመድ ነው የሰበሰቡት። ቀዳዳው በ2019 ተደፍኗል። የተበተነው ቁጥር ግን እስካሁን የሰዎቹ ቁጥር ነው፤ ቁጥር እንደ ፓስዎርድ በየጊዜው አይቀየርም።

አቡሽ ገንደ ቆሬ፦ አቦ ምን ያደርጋል! ሁሉም ወጥቶ አልቋል እኮ። ማርክ ዙከርበርግ ከእናቴ በላይ ያውቀኛል።

ጠጋኙ፦ አቡሽ፣ ይህን አባባል በየቀኑ እሰማዋለሁ፣ ትክክል አይደለም። የካምብሪጅ አናሊቲካን ነገር አስታውስ፤ የፌስቡክ ሰዎችን መረጃ በአንድ መጠይቅ አፕ በኩል ያገኘ የፖለቲካ አማካሪ ድርጅት ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 ሲጋለጥ «ፌስቡክን አጥፉ» የሚል ዘመቻ በየአገሩ ተነሳ፤ ዙከርበርግ በሚያዝያ ኮንግረስ ፊት ቀርቦ ተጠየቀ፤ በ2019 የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን 5 ቢሊዮን ዶላር ቀጣ። ያንን የመጠይቅ አፕ የጫኑት ግን ወደ 270 ሺህ ሰዎች ነበሩ። መረጃው የሄደው እስከ 87 ሚሊዮን ሰው ነው። የቀሩት እነማን ናቸው? የጫኑት ሰዎች ጓደኞች። ራሳቸው ምንም አልጫኑም፣ ምንም አልፈቀዱም። አፖች በአንድ ሰው ፈቃድ የጓደኞቹን መረጃ የሚወስዱበት መንገድ በ2015 ተዘግቷል፤ የኮንታክት ዝርዝር ግን አሁንም በአንተ አንድ ንክኪ የመቶ ሰው ቁጥር አሳልፎ ይሰጣል። ስለዚህ «የኔ ወጥቷል» ብለህ ብትተወው እንኳ የእናትህ፣ የእህትህ፣ የደንበኛህ ቁጥር በእጅህ ነው።

የጁገል ልጅ፦ ለዚህ እኮ ነው ቴሌግራም ብቻ መጠቀም። ዋትስአፕ በ2021 ፖሊሲውን ሲቀይር እኛ ሐረር ሁላችንም ለቀን ወጥተናል። ቴሌግራም ለማንም አይሰጥም።

አቡሽ ገንደ ቆሬ፦ ሐረሮች ሁላችሁም ወጥታችሁ ሁላችሁም ተመልሳችሁ የለ እንዴ? የሠርግ ጥሪ የሚመጣልኝ በዋትስአፕ ነው።

የጁገል ልጅ፦ ያ ጅዳና ቶሮንቶ ላሉት ዘመዶች ነው። ለራሳችን ቴሌግራም ነው።

ቢኒ መጋላ፦ ቴሌግራም የተሻለ ነው፣ ሁሉም ያውቃል።

ጠጋኙ፦ ሁሉም ያውቃል የተባለው ስህተት ነው። ዋትስአፕ ላይ የምትጻጻፉት ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተቆለፈ ነው፤ ኩባንያው ጽሑፉን አያነብም። የሚያውቀው ከማን ጋር፣ መቼ፣ በየትኛው ቁጥር እንደተገናኛችሁ ነው። ቴሌግራም ላይ ተራው ቻትና ግሩፕ በሙሉ የሚቀመጠው በኩባንያው ሰርቨር ነው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አልተቆለፈም። የተቆለፈው «ሲክሬት ቻት» ብቻ ነው፤ እሱንም የሰውየውን ፕሮፋይል ከፍታችሁ፣ ሦስቱን ነጥብ ነክታችሁ ካልጀመራችሁት በራሱ አይበራም። ለግሩፕ ጭራሽ የለም።

የ2021ዱ ጩኸት የመነጨው በጥር ከወጣው ማስታወቂያ ነው፤ «እስከ የካቲት 8 ካልተስማማችሁ» ሲል ሕዝቡ ተነሳ፣ ኩባንያው ቀኑን ወደ ግንቦት 15 ገፋው። በዚያው በጥር ወር ቴሌግራም 500 ሚሊዮን ተጠቃሚ ማለፉን ተናገረ። ሰው የግል መልእክቱ ሊነበብ ነው ብሎ ነው የሸሸው፤ ማሻሻያው በዋናነት ከንግድ ድርጅቶች ጋር ስለሚደረግ ጽሑፍና ከፌስቡክ ጋር ስለሚጋሩት መረጃ ነበር። «ለማንም አይሰጥም» ለተባለው፦ የቴሌግራሙ ባለቤት ፓቬል ዱሮቭ በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ተይዞ ነበር፤ በመስከረም ኩባንያው ሕጋዊ ጥያቄ ሲቀርብለት የተጠርጣሪን አይፒ አድራሻና ስልክ ቁጥር እንደሚሰጥ ፖሊሲው ላይ ጻፈ። ከዚህ በኋላ ስለ ዋትስአፕና ቴሌግራም ፉክክር አልመልስም።

ያሬድ፦ ስልኬ ተጠልፏል ምን ላድርግ

ጠጋኙ፦ የቱ አፕ? ምን አየህ? ከላይ የጻፍኩትን አንብበህ እንደገና ጠይቅ።

ያሬድ፦ ኮከብ መሰላል 21 መሰላል ስደውል «ኮል ፎርዋርዲንግ» እያለ ይጽፋል። መጠለፍ ነው ብለውኛል።

ጠጋኙ፦ አይደለም። *#21# የሚያሳየው ጥሪህ ወደ ሌላ ቁጥር ይተላለፍ እንደሆነ ብቻ ነው። «ኖት ፎርዋርድድ» ካለ ምንም የለም። የማታውቀው ቁጥር ከጻፈ ##002# ደውል፣ ሁሉንም ማስተላለፊያ ያጠፋል። ግን ማነው ያስገባብህ ብለህ አስብ፤ «ይህን ቁጥር ደውል፣ ሽልማት አለህ» ብሎ ኮዱን ራስህን ያስደወለህ ሰው ሊሆን ይችላል። ዓላማው የዋትስአፕ ማረጋገጫ በድምፅ ጥሪ ሲመጣ ወደ እሱ እንዲሄድ ነው። ማንም ኮከብና መሰላል ያለበት ቁጥር ደውል ሲላችሁ አትደውሉ። የመጣ ኮድም ለማንም አትስጡ።

የልጆች እናት፦ ልጄ፣ ከእህቴ ቴሌግራም «ልጄ ውድድር ላይ ናት፣ ድምፅ ስጫት» የሚል ሊንክ መጣልኝ። ነካሁት፣ ቁጥሬን ጻፍኩ፣ ኮድም መጣ። ኮዱን አልጻፍኩም፣ ፈራሁ። አሁን ምን ይሻላል? ቴክኖ ነው ስልኬ።

ጠጋኙ፦ እናቴ፣ መቆምሽ አድኖሻል። ኮዱ እስካልተጻፈ አልገቡም። ያ ገጽ ውድድር አይደለም፤ ቁጥርሽን ወስዶ ሌላ ስልክ ላይ በአንቺ ስም ቴሌግራም ሊከፍት ነበር። ኮዱ 5 አኃዝ ነው፣ የሚመጣውም ቴሌግራም ውስጥ «ቴሌግራም» ከሚለው ሰማያዊ ምልክት ካለው አካውንት ነው። እህትሽ ደግሞ ተይዛለች። በቴሌግራም አትጻፊላት፣ የሚያነበው ሌባው ነው፤ ደውዪላት።

እህትሽ ስልኳ ላይ ቴሌግራሙ አሁንም ከተከፈተላት አትዘግይ፦ ሴቲንግስ፣ ዲቫይስስ፣ «ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ»። ፍጥነቱ ምክንያት አለው። አዲስ የገባ ስልክ ቀድሞ የነበረውን ወዲያው ማስወጣት አይችልም፣ ሰዓታት መጠበቅ አለበት። በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ ባለቤቷ ቀድማ ማስወጣት ትችላለች። አድራ ከተወችው ግን ሌባው እሷን ያስወጣል፣ የራሱን ፓስዎርድ ያስገባል፣ ከዚያ ለዘመድ ሁሉ «ብር ላኩልኝ» ይጀምራል። እዚያ ከደረሰ አካውንቱን ሪሴት ለማድረግ 7 ቀን መጠበቅ ነው።

ቀድሞ መከላከያው «ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» ነው። ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ እዚያ ውስጥ። ፓስዎርድ ታስገቢያለሽ፤ «ሂንት» የሚለው ላይ ፓስዎርዱን ራሱን እንዳትጽፊ፣ ሌባውም ያየዋል። መመለሻ ኢሜይል ሲጠይቅ «ስኪፕ» አትበይ፤ ኢሜይል የሌለው ሰው ፓስዎርዱን ሲረሳ ያንኑ 7 ቀን ይጠብቃል። አንድ ነገር ልጨምር፦ አንዳንዶቹ የሐሰት ገጾች ከኮዱ ቀጥሎ ይህንንም ፓስዎርድ ይጠይቃሉ። በራሳችሁ እጅ ከጻፋችሁላቸው ምንም መቆለፊያ አያድናችሁም።

የልጆች እናት፦ ደወልኩላት፣ ተከፍቶላታል። እያስወጣቻቸው ነው። ተባረክ።

ጠጋኙ፦ አሜን። እህትሽ ወዲያው ቱ-ስቴፑንም ታድርግ፣ ለኮንታክቶቿም ሊንኩን እንዳይነኩ በስልክ ታሳውቅ።

ሚኪ ለገሃሬ፦ ሳፋሪኮም ድሬ ላይ ሲጀምር 07 አውጥቼ የድሮውን 09 ጥዬዋለሁ። ቴሌግራሜ ግን በ09ኙ ነው እስካሁን የሚሠራ። ችግር አለው?

አቡሽ ገንደ ቆሬ፦ ድሬ ከአገሩ ሁሉ ቀድማ ነው ያስጀመረችው፣ ይመዝገብልን! ነሐሴ 2014።

ቢኒ መጋላ፦ ኔትወርኩ ግን ሳቢያን ውስጥ የቱ ይሻላል?

ሐናን ሳቢያን፦ የኛ ቤት ውስጥ 09 ነው፣ በረንዳ ላይ ሁለቱም።

ጠጋኙ፦ ስለ ኔትወርክ ሌላ ጊዜ። ሚኪ፣ ችግር አለው፣ ያውም ትልቅ። የተተወ ሲም ከጊዜ በኋላ ይዘጋል፣ ቁጥሩም ለሌላ ሰው ይሸጣል። ገዢው ሌባ ላይሆን ይችላል፤ ቴሌግራም ሲጭን ግን ኮዱ ለእሱ ይመጣል፣ የሚከፈተው ያንተ ቻት ነው። ፌስቡክህና ኢሜይልህም በዚያ ቁጥር ከተያዙ እነሱም እንደዚሁ። ሲሙ ገና የሚሠራ ከሆነ ዛሬ ቀይር፦ ሴቲንግስ ውስጥ ቁጥርህን ንካ፣ «ቼንጅ ነምበር»፣ አዲሱን 07 አስገባ፣ ኮዱን አረጋግጥ። ቻቱ፣ ግሩፑ፣ ኮንታክቱ እንዳለ ይዞራል። ዋትስአፕ ላይ ሴቲንግስ፣ አካውንት፣ «ቼንጅ ነምበር»። ሲሙ ከሞተም ቴሌግራሙ እስከተከፈተልህ ድረስ መቀየር ትችላለህ፣ ኮዱ የሚላከው ወደ አዲሱ ቁጥር ነው። ከዚያ ኢሜይልና የባንክ አፕ ላይ ያለውን ቁጥር አስተካክል። አሮጌ መስመር የሚጣለው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው።

ፎዚያ ሸዋ በር፦ የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ አንዲት እንግዳ የሴቶቹን ክፍል ቀርፃ ቲክቶክ ላይ ለቀቀችው። ቤተሰቡ ተቆጥቷል፣ ሁሉም ሊንኩን ለግሩፕ እየላከ «ሪፖርት አድርጉ» እያለ ነው። ይጠቅማል?

ጠጋኙ፦ ፎዚያ፣ መጀመሪያ ሊንኩን መላክ አስቁሚ። ሪፖርት አድርጉ ተብሎ በተላከ ቁጥር ያላየው ሰው ያየዋል፤ ንዴት የሞላበት ኮሜንትም ተመልካች ይጨምርለታል። አንድ ሰው ብቻ የቪዲዮውን ሊንክ፣ የአካውንቱን ስምና ቀኑን በስክሪንሾት ይያዝ፤ ቪዲዮው ከጠፋ በኋላ ማስረጃ አይገኝም። ከዚያ ቀረፃውን የለቀቀችውን ሴት የሚያውቃት፣ የሚከበር ሰው ይደውልላት። ሽማግሌ ከሪፖርት ይፈጥናል። እንድታጠፋው ብቻ ሳይሆን ከስልኳ «ድራፍት» እና ከጋለሪዋም እንድታወጣው ተነጋገሩ። እምቢ ካለች ቪዲዮው ውስጥ የምትታየው ራሷ ባለጉዳይዋ በግላዊነት ጥሰት ሪፖርት ታድርግ፤ የሌላ ሰው መቶ ሪፖርት ከእሷ አንድ ሪፖርት አይበልጥም።

አንድ ሌላ ነገር፦ ቲክቶክ ላይ የሰው ቪዲዮ ሊንክ ስትልኩ የላከው ማን እንደሆነ ለተቀባዩ ሊታይ ይችላል። ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ፣ «ሰጀስት ዩር አካውንት ቱ አዘርስ» ውስጥ ያሉትን ሁሉ አጥፏቸው፤ ስለ ሊንክና ስለ ኮንታክት የሚለው እዚያ ነው።

ሚኪ ለገሃሬ፦ ዕቃ ስሸጥ የባንክ ደረሰኝ ስሙን በጥቁር ሸፍኜ እለጥፋለሁ። በቂ ነው?

ጠጋኙ፦ በምን ሸፈንከው? የስልኩ ማድመቂያ እስክሪብቶ ጥቁር ቢመስልም አሳልፎ ያሳያል፤ ፎቶውን ጋለሪ ውስጥ ከፍቶ ብርሃኑን እስከ መጨረሻ የጨመረ ሰው ስሙን ያነበዋል። ድፍን ቅርፅ ተጠቀም፣ ወይም ቆርጠህ አውጣው። ኪውአር ኮዱንም ሸፍን፤ ስሙን ሸፍኖ ኪውአሩን መተው ስሙን እንደመስጠት ነው። ፋይዳ መታወቂያም ላይ እንደዚሁ፦ ኪውአሩና ባለ 12 አኃዙ ቁጥር በፎቶ አይላክ። ቁጥር መስጠት ግድ ከሆነ ባለ 16 አኃዙን ስጡ፣ እሱ ሊቀየር ይችላል።

ፎቶም «ፋይል» ተብሎ ሲላክ ካሜራው የጻፈበት ቦታና ሰዓት ሳይነካ ያልፋል። እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ቴሌግራም ይጨምቀዋል፣ ቦታው ይወጣል። ጥራቱ እንዳይቀንስ ብለው የቤታቸውን ፎቶ በፋይል የሚልኩ ደላሎች ይህን ይወቁ። ከሥሩ ለማጥፋት ካሜራው ሴቲንግ ውስጥ «ሎኬሽን ታግስ» የሚለውን ዝጉ።

ኪያ፦ ሕጉስ? ኢትዮጵያ ውስጥ ሕግ አለ?

ጠጋኙ፦ አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 26። ከዚያ በላይ ጠበቃ ጠይቅ።

ኪያ፦ ቪፒኤንስ?

ጠጋኙ፦ ኮንታክትህን ለአፑ ከሰጠኸው ቪፒኤን ምንም አያድንህም። ነፃዎቹን ደግሞ አትጫን።

ስሜ ይቆይ፦ የባሌን ዋትስአፕ በኔ ስልክ ማየት እፈልጋለሁ፣ እንዴት ነው?

ጠጋኙ፦ አላሳይም። ሌሎቻችሁ ግን ዋትስአፕ ላይ «ሊንክድ ዲቫይስስ» ከፍታችሁ የማታውቁት ኮምፒውተር ካለ አስወጡ፤ ስልክ ለአፍታ የያዘ ሰው ሊያገናኘው ይችላል።

ያሬድ፦ ቁጥሬ ቴሌግራም ላይ እንዳይታይ እንዴት ነው? ሰው ሁሉ ያየዋል።

ጠጋኙ፦ ያሬድ፣ ይህ በአንድሮይድም በአይፎንም ያው ነው፣ ልብ ብለህ አንብብ፣ ሁለት ጊዜ አልጽፈውም። ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ «ፎን ነምበር»፣ «ኖባዲ»። ስትነካው ከሥሩ ሁለተኛ ጥያቄ ይወጣል፦ በቁጥርህ ማን ያግኝህ? ይህን ሰው ሁሉ ሳያየው ያልፈዋል። «ማይ ኮንታክትስ» አድርገው። ካልሆነ ቁጥርህን ከሌላ ቦታ ያገኘ ሰው ሴቭ አድርጎ አካውንትህን ያገኘዋል። አዲስ ሰው ኮንታክት ስታስገባም «ሼር ማይ ፎን ነምበር» የሚለው ላይ ምልክት ካለ አንሳው፤ ደብቀኸው ራስህ የምትሰጠው በዚያ ነው። ቀድሞ ቁጥርህ ያለው ሰው ግን ማየቱን ይቀጥላል።

ቢኒ መጋላ፦ እና ቁጥር ለመደበቅ የቱን ነው የምንነካው?

ጠጋኙ፦ ቢኒ፣ ከአንተ በላይ ያለውን መልስ አንብብ።

ሐናን ሳቢያን፦ የመጨረሻ። የሰፈር ዕድር ግሩፕ አስተዳዳሪ ነኝ፣ ቴሌግራም ላይ። ሻጮች ገብተው ከአባላት ዝርዝር ሰው እየመረጡ በውስጥ ያስቸግራሉ። አባላቱ አዛውንቶች ናቸው፣ ሴቲንግ አይነኩም።

ጠጋኙ፦ የግሩፑ አባል ከ100 በላይ ከሆነ የግሩፑን ስም ንኪ፣ ኤዲት፣ «ሜምበርስ»፣ «ሃይድ ሜምበርስ» አብሪ። ከዚያ ዝርዝሩን የምታዩት አስተዳዳሪዎች ብቻ ናችሁ። ከ100 ካነሰ ምርጫው አይመጣልሽም፤ ያኔ ግሩፑን የግል አድርጊው፣ የድሮውን መጋበዣ ሊንክ «ሪቮክ» ብለሽ አዲስ ፍጠሪ፣ «አፕሩቭ ኒው ሜምበርስ» አብሪበት፤ የሚገባውን አንቺ ትፈቅጃለሽ። የሚጽፍ ሰው ስሙ መታየቱ ግን አይቀርም። አዛውንቶቹ ለወርሃዊው ስብሰባ ሲመጡ ደግሞ የየአንዳንዳቸውን ስልክ ተቀብለሽ፣ እነሱ እያዩ፣ ፕራይቬሲ ውስጥ «ግሩፕስ ኤንድ ቻናልስ» የሚለውን «ማይ ኮንታክትስ» አድርጊላቸው። የማያውቁት ሰው ከዚያ በኋላ እየጎተተ ግሩፕ ውስጥ አይከታቸውም።